የኮስታራዋ የወርቅ መቅረዝ

ሰፈሩ ያወጣላት ስም ኮስታራዋ ነው። ክፉ አይደለችም፤ አኩርፋም አታውቅም። ፊቷ ብቻ እንዲያ ሆኖ ተፈጠረ። ሁለቱ ቅንድቦቿ ተጠጋግተው ስለ አንድ ከባድ ጉዳይ የሚመካከሩ ይመስላሉ፤ ከንፈሯም ገጠም ያለ ነው። ገና በእቅፍ ሳለች ያያት ሁሉ «ምን ሆና ነው?» እያለ እናቷን ይጠይቅ ነበር። እናቷም «ምንም አልሆነችም፤ በአባቷ ወጥታ ነው» ትላለች።

እውነቷን ነው። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። በወር ሁለት ጊዜ ቤቱ ያድራል። ሲገባ «እንዴት ናችሁ» ይላል፣ ሲወጣ «ደህና ሁኑ» ይላል፤ በመካከል ያለውን ጊዜ በዝምታ ያሳልፈዋል። እናቷ ደግሞ አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ትኬት ቆራጭ ናት። በመስኮቷ የሚመጣውን መንገደኛ ሁሉ ሳታስቅ ትኬት አትሰጥም። አንድ ጊዜ አንድ ሰውዬ ቆሞ ሲስቅ አውቶቡሱ አምልጦታል።

ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት እናቷ እጇን ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የወጣቶች ጓድ ወሰደቻት። ጓዱ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው አዳራሽ የሚሰበሰብ የክርስቲያን ልጆች ማኅበር ነው። ይዘምራሉ፣ ድንኳን መትከልና ቁስል ማሰር ይማራሉ፣ አንገታቸው ላይ ሰማያዊ ሻርፕ ያስራሉ። መሪያቸው የሆስፒታል አዋላጅ ናት፤ ልጆቹ እትዬ ይሏታል። ከግማሽ የሚበልጡትን ልጆች ያዋለደቻቸው ራሷ ስለሆነች ማንም አይከራከራትም።

«ምን እናስተምርልሽ?» አለች እትዬ።

«ፊቷን ትፍታልኝ እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለች እናት።

እትዬ ልጅቷን አገጯን ቀና አድርጋ አየቻት። «ይቺንማ አውቃታለሁ። ስትወለድ ቶሎ አላለቀሰችም። ጀርባዋን መታ መታ ባደርጋት ዓይኗን ገልጣ ገላመጠችኝ።»

እንዲህ ሆና ጓዱን ተቀላቀለች። ፊቷ አልተፈታም። ነገር ግን አንድም እሑድ አልቀረችም፤ የመዝሙሩን ግጥም ሁሉ ሳታዛንፍ ያዘች፤ የድንኳኑን ገመድ እሷ ካሰረችው ነፋስ ቀርቶ እትዬም አትፈታውም።

ጓዱ የራሱ ማዕረግ አለው። በመጀመሪያ አረንጓዴ ጥብጣብ፣ ቀጥሎ ቀይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የወርቅ መቅረዝ የሚባል ሜዳሊያ። ወርቅ ይባል እንጂ ናስ ነው። ቢሆንም ናሱን እንኳን የሚያገኘው አልነበረም። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ የአንድ ወጣት ፎቶ ተሰቅሏል፤ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት መቅረዙን የተሸለመ ነው። ያ ወጣት አሁን ጎልማሳ መድኃኒት ቀማሚ ሆኖ የጓዶች ሁሉ የበላይ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ከእሱ በኋላ በዚያ አዳራሽ ማንም አልተሸለመም። ብዙዎች ጀምረዋል፤ ግን አንዱ ሲያገባ፣ አንዱ ሥራ ሲይዝ፣ ሌላው ደግሞ ደብተሩን አውቶቡስ ላይ ሲረሳ ቀረ።

ኮስታራዋ ትምህርቷን ጨርሳ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ተኳሽ ሆና በተቀጠረች በዓመቱ የመቅረዙን ደብተር እንዲሰጧት ጠየቀች።

«ለምን ፈለግሽው?» አለቻት እትዬ።

«ዝርዝር አለው።»

ዝርዝር ያለው ነገር ትወዳለች። ደብተሩ አሥራ አንድ ፈተናዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ሲጠናቀቅ ይፈረምበታል፤ ሁሉም ደግሞ ሃያ አንደኛ ዓመት ልደት ሳይደርስ ማለቅ አለበት። የመጀመሪያዎቹን ዘጠኙን በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ በአንድ ወጣቻቸው። የሦስት ቀኑን የእግር ጉዞ ስትጨርስ የተሰበሰበው ሰው ጫማዋን አይቶ አዘነላት፤ እሷ ግን «ጫማው ድሮም እንዲህ ነው» አለች።

አሥረኛው ፈተና በጉባኤ ፊት አምስት ደቂቃ መናገር ነበር። ርዕሷ «አገልግሎት» ነው። እሑድ ጠዋት ምእመኑ ሞልቶ ሳለ ተነሣች፤ ያላትን ሁሉ ተናገረች። አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰኮንድ ፈጀ። እትዬ ከፊት ወንበር ላይ ሰዓቷን አሳየቻትና በጣቶቿ ገና መሆኑን ነገረቻት። ኮስታራዋ የምትጨምረው ነገር ስላልነበራት ዝም ብላ ቆመች። ግማሽ ደቂቃ እንዳለፈ አንድ ሽማግሌ የኅሊና ጸሎት ነው ብለው ብድግ አሉ። እሳቸውን ያየ ሁሉ ተነሣ። ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ ሰኮንድ ሙሉ ቤተ ክርስቲያኑ ጸጥ ብሎ ቆመ፤ ሁለት ሴቶች አለቀሱ። ሰዓቱ ሲሞላ «አመሰግናለሁ» ብላ ወረደች። ንግግሯን የሚያስታውስ የለም፤ ያንን ዝምታ ግን ሰው እስከ ዛሬ ያነሣዋል። እትዬ ያለ ምንም አስተያየት ፈረመችላት።

አሥራ አንደኛው ቀረ። አንድ ብቸኛ ሰው አንድ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ማገልገል። ዓመቱ ሲያልቅ የተገለገለው ሰው ራሱ አንድ የታተመ ቃል ሥር ይፈርማል። ቃሉ እንዲህ ይላል፦ «ይህ ወጣት አንድ ዓመት ሙሉ በታማኝነትና በደስታ እንዳገለገለኝ እመሰክራለሁ።»

እትዬ የላከቻት ጋሽ ሚዛን ዘንድ ነው። ጋሽ ሚዛን ጡረታ የወጡ የሚዛንና የመስፈሪያ ተቆጣጣሪ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ በየገበያው፣ በየሥጋ ቤቱና በየእህል ቤቱ እየዞሩ ሚዛን ሲፈትሹ ኖሩ። ልክ ከሆነ ማኅተማቸውን ይመቱበታል፤ ልክ ካልሆነ የገዛ ወንድማቸው ሚዛን ቢሆንም አይመቱም። በእርግጥም የወንድማቸው ሚዛን ነበር፤ ከዚያ በኋላ ወንድምየው እስኪሞት አልተነጋገሩም። ሚስታቸው ሞታለች፤ ልጅ የላቸውም። ዳሌያቸው ተሰብሮ ከዳነ ወዲህ በአራት እግር ምርኩዝ እየተደገፉ በሁለት ክፍል ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ከኮስታራዋ በፊት ጓዱ ሦስት ልጆች ልኮላቸው ነበር። አንዱ ጊታር ይዞ ሄዶ በር ላይ ተመለሰ። ሁለቱ ለምን እንደተመለሱ አልተናገሩም።

ቅዳሜ ጠዋት በሩን አንኳኳች። ከፈቱላትና ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«ለምን መጣሽ?»

«ሜዳሊያ ለማግኘት።»

ጋሽ ሚዛን በሩን ሰፋ አደረጉት። «የፊተኞቹ ስለምንወድዎ ነው አሉኝ። አያውቁኝም እኮ! ግቢ።»

ገባች። ሸሚዞቻቸውን አጥባ ተኮሰች፤ ወለሉን ወለወለች፤ ሾርባ ሠራች፤ ጋዜጣ አነበበችላቸው። ከጋዜጣው የሚወዱት የጨረታ ማስታወቂያ ነው። በወር አንድ ጊዜ እግራቸውን ለብ ባለ ውሃ አጥባ ጥፍራቸውን ትቆርጣለች፤ ጎንበስ ማለት አይችሉምና። ሁለቱም በዚያ ሰዓት ወደ ሌላ አቅጣጫ ቢያዩ ይመርጡ ነበር፤ እሷ ግን የግድ ማየት ነበረባት። ሲሰነባበቱ «አመሰግናለሁ» አይሉም። «ዘጠኝ ደቂቃ ዘግይተሽ ነበር» ወይም «ዛሬ በሰዓትሽ ነው የመጣሽ» ይሏታል።

በስምንተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ብታንኳኳ የሚከፍት ጠፋ።

«ጋሼ!»

«አቤት» አሉ ከውስጥ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነው።

«ለምን አይከፍቱም?»

«ወድቄያለሁ።»

«የት ነዎት?»

«መሬት ላይ።»

«መስኮቱን ልስበረው?»

«የቀኙን ስበሪ። እሱ ድሮም ተሰንጥቋል።»

የቀኙን ሰበረች። ሻርፗን እጇ ላይ ጠቅልላ ስብርባሪውን አነሣችና ገባች። መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ በጎናቸው ተኝተዋል፤ የግራ እጃቸው አንጓ ያለ ቦታው ዞሯል። አምቡላንስ ጠራች፤ መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ትንሽ ይቆያል አሏት። ትንሽ ያሉት ሁለት ሰዓት ሆነ። እጃቸውን በጋዜጣ ጥቅልል ደግፋ በሻርፗ አሰረችው፤ ብርድ ልብስ ደረበችላቸው፤ እሷም አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ፊታቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«አውሪ» አሏት።

«ምን ላውራ?»

«የምታውቂውን።»

ኮስታራዋ አሰበች። ከዚያ «ሸሚዝ ሲተኮስ» ብላ ጀመረች፤ «መጀመሪያ ኮሌታው ነው። ከውስጥ በኩል፤ ከጫፍና ከጫፍ ወደ መሀል። ከመሀል ወደ ጫፍ ከሄዱ ጫፉ ላይ ይጨማደዳል። ከዚያ ትከሻው። ከዚያ የእጅጌው አፍ፣ ተከፍቶ። ከዚያ እጅጌው፤ ስፌቱ ከስፌቱ ገጥሞ። ፊቱን ከቁልፉ በኩል እንጀምራለን፤ ብረቱ ቁልፍ ላይ አይወጣም፣ በመካከል በመካከል ይገባል። ጀርባው መጨረሻ ነው፤ ሰፊ ስለሆነ ቶሎ ይጨማደዳል።»

«ጨረስሽ?»

«ሸሚዙን ጨረስኩ።»

«ሱሪስ?»

«ሱሪ ሌላ ነው።»

«ጊዜ አለን» አሉ ጋሽ ሚዛን፣ ዓይናቸውን ጨፍነው።

ሱሪውን ነገረቻቸው። መጋረጃ ላይ ደርሳ ባለ ሽንሽኑን ስታስረዳ አምቡላንሱ መጣ።

ሁለት ቅዳሜ ሆስፒታል ሄዳ ጠየቀቻቸው፤ በሦስተኛው ቤታቸው ተመለሱ። ስለዚያ ቀን ሁለቱም ዳግም አላነሡም። መስኮቱን መስታወት ገጣሚ መጥቶ ሠራው፤ ጋሽ ሚዛን ጠርዙን በማስመሪያ ለክተው ሁለት ጊዜ አስፈቱት።

ሃምሳ ሁለተኛው ቅዳሜ ደረሰ። ለልደቷ ሦስት ሳምንት ቀርቷል። ሥራዋን ጨርሳ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላቸው። መነጽራቸውን አድርገው የታተመውን ቃል አነበቡ። ደግመው አነበቡ።

«አንድ ዓመት ሙሉ። ልክ ነው። በታማኝነት። ልክ ነው።» ጣታቸው ቆመ። «በደስታ ይላል።»

«አዎ።»

«ደስታ እኔ አላየሁም።»

«ፊቴ እንዲህ ነው፣ ጋሼ።»

«ስለ ፊትሽ መች ጠየቅሁሽ? ፊት ሚዛን አይደለም። ተደስተሽ ነበር ወይ?»

ሌላ ልጅ ብትሆን አዎ ብላ ታስፈርም ነበር። ኮስታራዋ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ማሰብ ጀመረች። ጋሽ ሚዛንም ጠበቋት፤ መጠበቅ ሥራቸው ነበር፤ የሚዛን ምላስ ተወዛውዞ እስኪረጋ ሳያጉረመርም የሚቆም ሰው ናቸው።

«የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት አልወደድኳቸውም» አለች በመጨረሻ። «አሥራ ሦስት ሳምንት ነው። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሲሆን ቅዳሜ እየደረሰ ነው እያልኩ አስባለሁ። ጥፍር የምቆርጥበት ቀን ግን አልወድም። ስምንት ይሆናል። ሠላሳ አንድ ይቀራል።»

«የወደቅኩበትን ቀን ከየትኛው ቆጠርሽው?»

«ከሠላሳ አንዱ።»

ጋሽ ሚዛን ቀና አሉ። «ለምን?»

«ሱሪውን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። እስከዛሬ እስከ መጨረሻው የሰማኝ ሰው አልነበረም።»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው። ከዚያ መልሰው አደረጉትና «በደስታ» የሚለውን ቃል በማስመሪያ ሠረዙ። ከጎኑ በጥንቃቄ ጻፉ፦ «ደስታን በሚመለከት፣ ከሃምሳ ሁለቱ ሳምንታት በሠላሳ አንዱ፤ በራሷ ቃል።» ቀንና ሰዓት ጨምረው ፈረሙ።

ኮሚቴው ደብተሩን በሳምንቱ መለሰው። ሥርዝ ድልዝ ያለበት ቅጽ ተቀባይነት የለውም፤ አዲስ ቅጽ ይሞላ፣ የሚል ወረቀት ተያይዞበታል። አዲስ ባዶ ቅጽም አብሮ ተልኳል።

እናቷ ጨሰች። «ምን ነበረበት ተደስቻለሁ ብትይ! አንዲት ቃል! ሰው ስንት ነገር ይዋሻል!»

«ጠየቁኝ» አለች ኮስታራዋ።

«ቢጠይቁሽስ?»

«ልክ ናቸው፣ እማዬ።»

እትዬ አዲሱን ቅጽ ይዛ ራሷ ወደ ጋሽ ሚዛን ሄደች። «ጋሼ፣ ይህ እኮ ሚዛን አይደለም፤ የሰው ልጅ ናት» አለቻቸው። «የቃሪያ ሚዛን ጎድሎ አልፈረምኩም፤ ለሰው ልጅ ብዬ ልዋሽ?» አሏት። እትዬ በሕይወቷ ያላሸነፈችው ክርክር ይህ ብቻ ነው። ምጥ እንኳን ይታዘዛታል።

ሄዳ ለኮሚቴው ሰብሳቢ ነገረችው። መድኃኒት ቀማሚው ሥርዓት የሚወድ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ ሰው ነው። ነገሩን በሽምግልና እጨርሳለሁ ብሎ፣ ልደቷ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አዲሱን ቅጽ በፖስታ ይዞ ጋሽ ሚዛን ቤት መጣ። ኮስታራዋም ከሥራ ተጠርታ መጣች፤ እትዬም አለች። ቤቱ ሦስት ወንበር ብቻ ስላለው ኮስታራዋ ቆመች።

«ጋሼ» አለ ሰብሳቢው፣ «ይህ የተለመደ ቃል ነው። እኔም ራሴ በዚሁ ቃል ነው መቅረዙን ያገኘሁት።»

«ማንን አገልግለህ ነው?»

«አንዲት ዓይነ ስውር እናት ነበሩ። በአውራ ጣታቸው ፈረሙልኝ። የተጻፈውን አላነበቡትም፤ እኔም አላነበብኩላቸውም።»

«ሃምሳ ሁለት ሳምንት ሄድክ?»

«ሄድኩ።»

«ስንቱን ተደሰትክ?»

ሰብሳቢው ፈገግ አለ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። ወደ ጣሪያው አየ፤ ወደ ጫማው አየ። ኮስታራዋ ቆጥሮ እስኪጨርስ በትዕግሥት ትጠብቀው ነበር፤ ቆጠራው ጊዜ እንደሚወስድ ታውቃለች።

«አራት» አለ በመጨረሻ። «አምስተኛው ያጠራጥረኛል።»

«እንግዲያው አራት ነው» አሉ ጋሽ ሚዛን።

ሰብሳቢው ፖስታውን ይዞ ቆየና አዲሱን ቅጽ ሳያወጣው ወደ ኪሱ መለሰው። «ደብተሩን አምጪው» አላት ኮስታራዋን። ሠረዙ ባለበት ገጽ ግርጌ፣ «ታይቷል፤ ጸድቋል» ብሎ ጽፎ ፈረመ። በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለና ኮስታራዋን ጠየቃት፦ «ሠላሳ አንድ? እርግጠኛ ነሽ?»

«ሠላሳ ሁለት ሊሆን ይችላል። ግን ሠላሳ አንዱን እርግጠኛ ነኝ።»

ሜዳሊያውን የሸለሟት ልደቷ ባለፈ በመጀመሪያው እሑድ ነው። አዳራሹ ግጥም አለ። ሰብሳቢው ደረቷ ላይ ሲሰካው መቅረዙ ዘመም አለ፤ ኮስታራዋ ራሷ ነቅላ አቃንታ ሰካችው። ፎቶ አንሺው «ፈገግ በይ» አላት፤ ጠበቃት፤ ተስፋ ቆርጦ አነሣት። አዲሱ ፎቶ ከአሮጌው አጠገብ ተሰቅሏል፤ አሮጌው ይስቃል፣ አዲሱ ምስክርነት የሚሰጥ ይመስላል። እናቷ እየሳቀች አለቀሰች፤ አጠገቧ የተቀመጡትንም እያስለቀሰች አሳቀቻቸው። አባቷ የጭነት መኪናውን መንገዱ ላይ አቁሞ፣ ከኋላው መኪና ሁሉ ጥሩምባውን እያስጮኸ፣ ገብቶ ከበሩ አጠገብ ቆመ። ሲወጣ ትከሻዋን ያዝ አድርጎ «ጥሩ ነው» አላት። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ያንን ወር አባቷ የተናገረበት ወር ይለዋል። ጋሽ ሚዛን በምርኩዛቸው መጥተው በፊተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል። ሰው ተነሥቶ ሲያጨበጭብ እሳቸውም ተነሡ እንጂ አላጨበጨቡም፤ ምርኩዙን ይዘዋልና። ግን ከሁሉም በኋላ ነው የተቀመጡት።

ቅዳሜው ቀጠለ። የሚፈረም ደብተር አልነበረም፤ ስለዚህ ማንም አልቆጠረውም። ሦስት ዓመት ያህል ሄደች። በዚያ መካከል ሆስፒታሉ ላውንደሪውን የሚመራ ሰው ሲፈልግ አመለከተች፤ ተቀጠረችም። ስድስት ሠራተኞች ሥሯ አሉ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ፈሯት፣ በሁለተኛው ነገሯን ለመዷት፣ በሦስተኛው ቀልድ ይነግሯት ጀመር። ቀልዱን እስከ መጨረሻው ትሰማለች። አትስቅም፤ ግን ከሳምንት በኋላ ሳታዛንፍ ለሌላ ሰው ትነግረዋለች፣ ያኔ ሰው መሬት ላይ ይወድቃል።

ከዚያ የጋሽ ሚዛን ጉልበት ከዳቸው። የዚያ ያኮረፋቸው ወንድማቸው ልጅ፣ በሌላ ከተማ የምትኖር አስተማሪ ሴት፣ ልውሰዳቸው አለች። ሁለት ሻንጣ፣ አንድ አልጋና የሚዛን ድንጋዮቻቸው ያሉበት የእንጨት ሣጥን ነበራቸው። ኮስታራዋ አባቷን ለመነች፤ አባቷ ራሱን ነቀነቀ። ሦስቱ በጭነት መኪናው ጋቢና ተሳፍረው ስድስት ሰዓት ተጓዙ። በመካከል አንድ ጊዜ ጋሽ ሚዛን «የፍጥነት መለኪያህ ትንሽ ያሳንሳል» አሉት አባቷን። አባቷም «አውቃለሁ» አለ። ሌላ ወሬ አልነበረም።

የወንድም ልጅየዋ በሩ ላይ ተቀበለቻቸውና ኮስታራዋን አየቻት። «ልጅዎ ናት እንዴ?»

«አይደለችም» አሉ ጋሽ ሚዛን።

«ታዲያ ምንዎ ናት?»

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመው አሰቡ፤ ሦስቱም እስኪጨርሱ ጠበቋቸው። «ስም አላገኘሁለትም» አሉ በመጨረሻ። «ግን ክፍሌን ስታዘጋጁ ለእሷም አንድ ወንበር አስገቡ።»

ሲመለሱ አባትና ልጅ ግማሽ መንገድ ያህል ዝም ብለው ተጓዙ። አንድ ድልድይ ላይ ሲደርሱ አባቷ ማርሽ እየቀየረ «ጥሩ ሰው ናቸው» አለ። «ወሬ አያበዙም።»

ኮስታራዋ ዛሬም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ እናቷ በምትቆርጥላት ትኬት፣ በአውቶቡስ ወደዚያ ከተማ ትሄዳለች። ወንበሩ መስኮቱ ሥር ነው ያለው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ያገኘዋል።